ለጀሚሊያ የተነዳ ብስክሌት

በሰባዎቹ ዓመታት ዲላ ላይ ብስክሌት የምትነዳ ሴት ማን ነበረች ተብሎ ቢጠየቅ፣ የከተማው ሰው ሁሉ የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ የኸድሩ ልጅ ሱራያ። አባቷ ኸድሩ በወጣትነቱ ከቡታጅራ በኩል መጥቶ፣ መጀመሪያ ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ እየዞረ ሲሸጥ ኖረ። በኋላ ገበያው አጠገብ ብስክሌት የሚያከራይበትና የሚጠግንበት ሱቅ ከፈተ። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ፣ ጀሚሊያና ሱራያ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ጎማ እየለጠፉ፣ ካቴና ዘይት እየቀቡ አደጉ።

ታላቋ ጀሚሊያ ዝምተኛ ነበረች፤ ስትስቅ እንኳ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሱራያ ሌላ ናት። የተጠገነ ብስክሌት ሁሉ እሷ ሳትሞክረው ለባለቤቱ አይመለስም። ይዛው ትወጣና እስከ ለገዳራ ወንዝ ድረስ ደርሳ፣ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። እናቷ ሀዲጃ ትቆጣለች፣ ጎረቤት ያማል፤ ኸድሩ ግን ፍሬኑ መያዝ አለመያዙን እንደሷ የሚነግረኝ የለም እያለ ነገሩን ያልፈው ነበር።

ጀሚሊያ ባህሩዲን የሚባል ልብስ ሰፊ አግብታ ከወላጆቿ ቤት ብዙም ሳትርቅ መኖር ጀመረች። ሁለተኛ ልጇን እያጠባች ሳለ ነው ግራ ጡቷ ውስጥ ጠጠር ያለ ነገር በእጇ የዳሰሰችው። ወተት የቋጠረ መሰላት። ልጅቷ ጡት ከጣለች በኋላም አልሄደም። ፈራች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን እፍረቷ በለጠ። ለባሏ አልነገረችም። ለእናቷም አልነገረችም። አንዲት አሮጊት የሰጧትን ቅጠል እየወቀጠች በድብቅ ትለጥፍበት ነበር። እንዲህ እያደረገች ዓመት አለፋት። ሱራያ ነገሩን ያወቀችው እህቷን ትኩሳት ጥሏት ገላዋን ልታጥባት ልብሷን ስታወልቅላት ነው። ባየችው ነገር የውሃው ጣሳ ከእጇ ወደቀ።

ዲላ ያየቻቸው ሐኪም ሳትውል ሳታድር አዲስ አበባ ውሰዷት አለች። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ደግሞ ሱራያንና ባህሩዲንን ለብቻቸው ጠርቶ፣ በሽታው ካንሰር መሆኑን፣ ወደ ሳንባዋ መሰራጨቱን፣ ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮ ቆርጦ ማውጣት ይቻል እንደነበር በትዕግሥት አስረዳቸው። ይዘዋት ተመለሱ።

ጀሚሊያ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በእናቷ ቤት ተኝታ አሳለፈች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱራያ ትራሷን ስታስተካክልላት፣ ጀሚሊያ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣

«ግን ማንን ነበር ያፈርኩት?» አለቻት።

ጀሚሊያ በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ውስጥ አረፈች።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት ሴቶች በሽታውን በስሙ የጠራ አልነበረም። «ያ ክፉ ነገር» ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሆኖም ሲሸኙ አንዳንዶቹ ሱራያን ወደ ጓሮ ሳብ አድርገው ይጠይቋት ጀመር። ሲነኩት ያማል ወይስ አያምም? በአንዱ በኩል ብቻ ነው የሚወጣው? ሰውነት ያከሳል? ሱራያ የምታውቀውን ትነግራቸዋለች። ቀናት ካለፉ በኋላ ነው ያልገባት ነገር የገባት። እነዚያ ሴቶች የጠየቁት ስለ ጀሚሊያ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ አልለቅ አላት። ሱቅ ውስጥ ጎማ ስትነፋም ሆነ ምሳ ለአባቷ ስታቀርብ ስለዚሁ ታስባለች። ዓመቱ ሊሞላ ሲቃረብ ለወላጆቿ ተናገረች። ለጀሚሊያ መታሰቢያ ከዲላ ተነስታ እስከ ይርጋጨፌ በብስክሌት ልትሄድ ነው። በመንገዱ ላይ ባሉት ገበያዎች እየቆመች እህቷ ምን እንደደረሰባት ለሴቶች ትነግራለች፤ ታመው መታከሚያ ያጡ ካሉም ለነሱ እርዳታ ትጠይቃለች። ለምን በአውቶቡስ አትሄጂም ቢሏት፣ ከአውቶቡስ የወረደችን ሴት ዞር ብሎ የሚያያት የለም፣ ብስክሌት ነድታ የመጣችን ግን ገበያው ሁሉ ይከባታል አለች።

ሀዲጃ የያዘችውን ሰፌድ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ልጄን ቀበርኳት» አለች። «አሁን ደግሞ ገላዋን ገበያ አውጥተሽ ልታወሪባት ነው?»

«ገላዋን ደበቅንላት እንጂ ምን አደረግንላት፣ እማዬ?»

ሀዲጃ ተነስታ ወጣች። ኸድሩ መቁጠሪያውን በጣቶቹ መሃል አንሸራተተ። በመጨረሻ ሰደቃ በምግብ ብቻ እንዳልሆነ፣ ለሞተችው ልጁ ከዚህ የተሻለ ሰደቃ ሊያወጣላት እንደማይችል ተናገረ። በነጋታው ከሱቁ ብስክሌቶች ሁሉ ደህና የሚባለውን፣ ጥቁሩን የቻይና ብስክሌት፣ ፈታቶ ያጥበው ጀመር። ባህሩዲን ደግሞ ማንም ሳያዘው ለፔዳል የሚመች፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚጠብቅ ሰፊ ሱሪ ሰፍቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦላት ሄደ።

ወሬው ቶሎ ተሰማ። ሸምሰዲን የሚባል ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚጭን የጭነት መኪና ባለቤት ነበር፤ የኸድሩ የሀገሩ ልጅ ነው። ሻይ ቤት ተቀምጦ ሰው ስለሱራያ ሲያወራ ሰማና ከወናጎ ዳገት ታልፍ እንደሆነ እናያለን ብሎ ሳቀ። ይህ ሱራያ ጆሮ ደረሰ። ሱቁ በር ላይ ሲያልፍ ጠብቃ አስቆመችው።

«ጋሽ ሸምሰዲን፣ ይርጋጨፌ ደርሼ ከተመለስኩ ምን ትሰጣለህ?»

ሸምሰዲን የቀልድ መስሎት ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት። ሱራያ ገንዘብ እንደማትፈልግ፣ መኪናው ቡና ጭኖ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ለታመመች ሴትና ለአስታማሚዋ የጋቢናውን ቦታ ብቻ እንዲለቅላቸው ለመነችው። ሸምሰዲን ሳቁን አቆመ። ጀሚሊያን ሕፃን ሆና ያውቃታል። ደርሰሽ ተመለሺ እንጂ ጋቢናው ያንቺ ነው አላት፤ አብረውት የነበሩትም ምስክር ሆኑ።

የቀረው ፈቃድ ነበር። ያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ሰው መሰብሰብ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረኪዳን ሱራያን ቁልቁል እያየ ገበያ ላይ ቆማ የምትናገረው ነገር ምን እንደሆነ ቃል በቃል እንድታስረዳው ጠየቃት። የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ይመኙሻል አጠገቧ ቆማ ነበር። ሱራያ ከመጀመሪያው ጀምራ ማስረዳት ያዘች። ጡት የሚለውን ቃል ስትናገር ጓድ ገብረኪዳን ወደ መስኮቱ ዞረ። እብጠቱ በእጅ እንዴት እንደሚዳሰስ ልታሳየው ስትጀምር ደግሞ በቃ፣ በቃ ገባኝ ብሎ ማኅተሙን ፍለጋ መሳቢያውን ከፈተ። ብስክሌቱ ላይ መፈክር እንድትለጥፍ ብቻ አዘዘ። ሁለቱ ሴቶች ከቢሮው ወጥተው የግቢውን በር እስኪያልፉ እንደምንም ታገሡ፤ ከዚያ ይመኙሻል ግንብ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሱራያ ከእህቷ ሞት ወዲህ ከልቧ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሳች። ሀዲጃ ልትሸኛት አልወጣችም። ኸድሩ ኮርቻውን በመዳፉ እንደ በቅሎ ጀርባ መታ መታ አድርጎ ዱዓ አደረገላትና ለቀቃት።

ከዲላ ወጣ ብላ እስካለችው ጪጩ ድረስ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ ዳገቱ መጣ። በሁለቱም በኩል እንሰትና ቡና ተደባልቀው ጥቅጥቅ ያሉበት መንገድ ነው፤ ከላይ የትልልቁ ዛፍ ጥላ ይወርዳል። ጭነት ያዘሉ ሴቶች ቆም ብለው ያዩአታል። አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር ክላክስ እየነፋ አለፋት። ሌሊት የዘነበው ዝናብ መሬቱን አርሶት የጓድ ገብረኪዳን መፈክር ገና ወናጎ ሳትደርስ በጭቃ ተለቅልቆ መነበብ አቃተው። አንዳንድ ቦታ ከብስክሌቱ ወርዳ እየገፋች፣ እየወጣች ወናጎ ገበያ ገባች።

እንዳሰበችውም ሆነ። ሱሪ ለብሳ ብስክሌት ይዛ የቆመችውን ሴት ለማየት ገበያው ተሰበሰበ። ችግሩ ሌላ ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶች ከጌዴኦኛ በቀር ብዙም አይሰሙም። ሱራያ ገበያ ውስጥ ለመገበያየት የምትበቃ ጌዴኦኛ ብቻ ነው ያላት። ግራ ገብቷት ስትቆም ቡላ የምትሸጥ አንዲት ደርባባ ሴት ከመደቧ ተነሳች። ስሟ ዘርትሁን ነው። ድምፀ ትልቅ፣ ገበያው ሁሉ የሚያውቃት ጨዋታ አዋቂ ነበረች። እኔ እነግራቸዋለሁ፣ አንቺ ተናገሪ አለች።

ወንዶቹን መጀመሪያ ያባረረችው ዘርትሁን ናት። ከዚያ ሱራያ ስለ እህቷ ተናገረች፤ እንዴት እንዳገኘችው፣ እንዴት እንደደበቀችው፣ ሐኪሙ ምን እንዳላቸው። ዘርትሁን እያንዳንዱን ነገር ተቀብላ በጌዴኦኛ ታሰማለች። አንዳንዴ ሱራያ ከተናገረችው አስረዝማ፣ ሴቶቹን አስቃ፣ መልሳ ዝም ታሰኛቸዋለች። ሱራያ ጀሚሊያ የጠየቀቻት ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን ዘርትሁን ትንሽ ቆየች። ሱራያ ቃሉ ያልገባት መስሏት ልትደግምላት ስትል፣ በእጇ ከለከለቻትና በዝቅተኛ ድምፅ ተረጎመችው። ከሴቶቹ የሳቀ አልነበረም።

ወናጎና ይርጋጨፌ መካከል ጎማዋ ተነፈሰ። መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ጎማውን አውጥታ ስትለጥፍ ሦስት ወንዶች ቆመው ሲያዩ ነበር፤ ነፍታ ስትጨርስ አንዱ የእኔንም ትለጥፊልኛለሽ ብሎ ጠየቃት። ይርጋጨፌ የገባችው ብስክሌቱን እየገፋች ነው። እዚያ ቡና ማጠቢያው ደጃፍ ላይ ቀይ ቡና የሚለቅሙና የሚመርጡ ሴቶች ጠበቋት፤ ወሬው በአውቶቡስ ቀድሟት ደርሶ ነበር። አንድ ሠራተኛ፣ ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ አታወራም ብሎ ሲጀምር፣ አንዲት አሮጊት ቡና መራጭ አንተን የጠራህ የለም፣ ወደ ሥራህ ሂድ ብላ አሳፈረችው። ሱራያ ያን ምሽት ዘመድ ቤት እግሯን በሙቅ ውሃ ነክራ ልብሷን ሳትቀይር እንቅልፍ ጣላት።

እሑድ ቁልቁለቱን ስትመለስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ወናጎ መግቢያ ላይ ከእንሰቱ አጥር ስር ዘርትሁን ቆማለች። አጠገቧ ባሏ ባልቻ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሱራያ ሰላም ልትላቸው የቆሙ መስሏት ወረደች። ዘርትሁን የትናንቷ አልነበረችም።

«ያልሽው ነገር እኔ ጋ አለ» አለች። «ካለፈው ክረምት ጀምሮ አለ። ትናንት ለሰው ሁሉ ነገርኩ፤ ለራሴ ሰው ግን ሳልናገር እንዴት ልደር? ማታ ነገርኩት።»

ባልቻ አማርኛው ብዙም አልነበረም። ቢሆንም መሬት መሬት እያየ ቃሉን እየፈለገ ተናገረ።

«ውሰጃት። ልጆቹን እኔ አያለሁ።»

ሱራያ ብስክሌቷን ለቀቀችውና ወደቀ። ዘርትሁንን አቅፋት ቆመች። በኋላ እንደተናገረችው፣ ከዚያ እስከ ዲላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዳችው አታስታውስም፤ የምታስታውሰው ቶሎ፣ ቶሎ የሚለውን ሐሳብ ብቻ ነው።

ሸምሰዲን ቃሉን አላጠፈም። በዚያው ሳምንት ቡናውን ጭኖ ሁለቱን ሴቶች ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ራሱ እየነዳ አዲስ አበባ ወሰዳቸው። የኸድሩ ወንድም ዘይኑዲን መርካቶ አካባቢ ይኖር ስለነበር ቤቱን ለቀቀላቸው። ከሀዋሳ ወዲያ ሄዳ የማታውቀው ዘርትሁን መንገዱን ሁሉ ስትጫወት ሄደች፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ግን የሱራያን እጅ ጨብጣ አልለቅም አለች። መረመሯት። ካንሰር ነው። ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት፤ ጡቷ ወጣ። ከዚያ በኋላ የቀረው ከሁሉም የከበደው ነበር፤ የተቆረጠው ተመርምሮ በሽታው ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደሆነ እስኪነገር ድረስ መጠበቅ።

ዲላ ላይም ይጠበቃል። ሀዲጃ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አትናገርም ነበር፤ ነገር ግን ባሏ ከሱቅ በገባ ቁጥር ቀና ብላ ፊቱን ታያለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከቴሌ መልእክተኛ መጣና ከአዲስ አበባ በስልክ ትፈለጋላችሁ አላቸው። ኸድሩ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ወጣ። ሀዲጃ ሻሿን እያሰረች ከኋላው ተከተለችው። የስልኩ መስመር ይጮኻል፣ ይቆረጣል። ኸድሩ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እህ? እህ?» ሲል ቆየ። ከዚያ ስልኩን ለሚስቱ አቀበላትና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ሱራያ በዚያ በኩል ታለቅስ ነበር። «በጊዜ ነው የመጣችው አሉ። የትም አልሄደም። ሁሉንም አውጥተውታል።»

ሀዲጃ ምን ብላ እንደመለሰች አታውቅም። የቴሌዋ ሠራተኛ እንደምታወራው፣ አልሐምዱሊላህ እያለች ስልኩን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች፤ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም አልመለሰችላትም።

ዘርትሁን ስትመለስ ቁስሉ እስኪሽር ዲላ እንድትቆይ ተወሰነ። ማረፊያዋን ያዘጋጀችው ሀዲጃ ነበረች። ቁስሉን በየጠዋቱ ራሷ ታጥብላት፣ ሾርባ ትሠራላት ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ዓይኗን ትመልሳለች። ከቀናት በኋላ ግን እያጠበቻት ስለ ጀሚሊያ ታወራላት ጀመር፤ ሕፃን ሳለች ስለነበራት ጠባይ፣ ስለ ሠርጓ፣ በመጨረሻም ስለ ሕመሟ። ሱራያ በሩ አጠገብ ስታልፍ እናቷ እነዚያን ቃላት አንድ በአንድ ስትናገር ሰማችና ሳትገባ ተመለሰች። ሀዲጃ ያን ሰሞን እንቅልፍ መተኛት ጀመረች። ከልጇ ሞት ወዲህ ዓመት ሙሉ ያልበላላት እህልም ተበላላት።

ዘርትሁን ገና ቀኝ እጇን በደንብ ማንሳት ሳትችል ወደ ወናጎ ገበያ ተመለሰች። ቡላ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ታሪኩን ሳይሰማ አይሄድም። ታመው የደበቁ ሴቶች መጀመሪያ የሚመጡት ወደሷ ሆነ፤ እሷ ወደ ሱራያ ትልካቸዋለች፤ ሱራያ ወደ ሐኪም ትወስዳቸዋለች። ከነሱ መካከል ብዙዎቹ እብጠታቸው ክፉው ዓይነት አልነበረም፤ መድኃኒት ይዘው እየሳቁ ይመለሳሉ። የዘገዩም ነበሩ። ለነሱ ሱራያ የምታደርገው ከጎናቸው መቀመጥ ብቻ ነበር።

ጉዞው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ቀጠለ። በሁለተኛው ዓመት ሁለት የትምህርት ቤት ልጃገረዶች አብረዋት ነዱ። በኋላ ቁጥራቸው ጨመረ፤ ኸድሩ በዚያ ቀን ብስክሌት ለማንም አያከራይም ነበር። ሸምሰዲን አርጅቶ መንዳት ሲያቆም ጋቢናው ለታመሙት ሴቶች ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ለልጁ አደራ ሰጠ።

ሱራያ አንድ አስተማሪ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘችበት ዓመት መንዳት አልቻለችም። እሷ ከሌለች ጉዞው የሚቀር መስሏት ሳምንቱን ስትጨነቅ ከረመች። ቅዳሜ ጠዋት ጪጩ ላይ መንገድ ዳር በርጩማ አስቀምጣ ጠበቀች። ልጃገረዶቹ ተከታትለው መጡ። አንዷ እጇን አውለበለበችላት፤ ሌሎቹ ዳገቱ አስጨንቋቸው አላዩአትም። ወዲያው አለፉ፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ እንሰቱ ሸፈናቸው። ሱራያ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እርጥቡ ሣር ላይ ዘረጋች። አብሯት የመጣው ባሏ፣ ቤት እንግባ ሲላት፣ ትንሽ እንቀመጥ፣ ዛሬ ምንም ሥራ የለኝም አለችው።